የዓረብ አገር ሥራ ሂሳብ፦ ከደመወዙ በፊት መቆጠር ያለባቸው ነገሮች

ለቤት ሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኳታር ወይም ኤምሬቶች ልትሄድ ያሰበች ሴት መጀመሪያ የምትሰማው ቁጥር የወር ደመወዙን ነው። «በወር 1,000 ሪያል ነው፤ በብር ሲመነዘር ደግሞ ይህን ያህል ይመጣል» ይባላል። ቤተሰቡም በ24 ያባዛዋል፤ በወረቀት ላይ ቤት ይሠራበታል፣ ልጅ ያስተምርበታል፣ ሱቅ ይከፍትበታል። ቁጥሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል። ለመወሰን ግን አይበቃም። ከደመወዙ ይልቅ የሚወስኑት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ ከመነሻው ዕዳ ነጻ የምትወጣው በስንተኛው ወር ነው? የላከችው ገንዘብስ በማን ስም ይቀመጣል? የሁለቱም መልስ መገኘት ያለበት ፓስፖርት ከመውጣቱ በፊት ነው።

ከኪሷ መውጣት ያለበትና የሌለበት

ዕዳው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሕጉ እንድትከፍል የማያስገድዳትን ገንዘብ በመክፈል ነው። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪውን ለሁለት ከፍሎታል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ሽፋን እና የውል ማጽደቂያ ክፍያ የአሠሪው ናቸው። የሠራተኛዋ ድርሻ ፓስፖርት፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራና ክትባት፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲሁም ከእነዚሁ ጋር የተያያዙ የሰነድ ማረጋገጫ ክፍያዎች ናቸው። ከዚህ ውጭ «ለቪዛ»፣ «ለቲኬት»፣ «ለኮሚሽን»፣ «ወረፋ ለማስቀደም» ተብሎ የሚጠየቅ ገንዘብ መሠረት የለውም። ለከፈሉት ሁሉ ደረሰኝ መጠየቅ ተገቢ ነው። ደረሰኝ መስጠት የማይፈልግ ሰው ምክንያቱን ራሱ ያውቀዋል።

ከገጠር የሚነሡ ብዙዎች ግን ኤጀንሲው ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት በአካባቢው ደላላ እጅ ያልፋሉ። ደላላው ከቤቷ ያመጣታል፣ አዲስ አበባ አልጋ ይይዝላታል፣ ቢሮ ለቢሮ ያዞራታል፤ ዋጋውንም ይጨምርበታል። ቤተሰቡ ይህን ለመክፈል በሬ ይሸጣል፤ መሬቱን በወለድ አገድ ያስይዛል፤ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ይወስዳል። በወር 5 በመቶ ወለድ ቀላል ይመስላል፤ በዓመት ግን 60 በመቶ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በብድር ላይ የሚታሰበውን ወለድ በዓመት በ12 በመቶ ወስኖታል። አበዳሪው ይህን ስለሚያውቅ ወለዱን በጽሑፍ አያሰፍርም፤ 70,000 ሰጥቶ 100,000 እንደሰጠ አድርጎ ያስፈርማል። ስለዚህ በብድር ወረቀት ላይ እጃችሁ ከገባው ገንዘብ የሚበልጥ ቁጥር ካያችሁ አትፈርሙ።

አንድ ሂሳብ ከነዝርዝሩ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማሳያ የተመረጡ ናቸው፤ እያንዳንዱን አውጥታችሁ የራሳችሁን ተኩበት። ደመወዙ 1,000 ሪያል፣ ውሉ ሁለት ዓመት፣ አንድ ሪያል 35 ብር፣ መነሻው ብድር 70,000 ብር፣ ወለዱ በወር 5 በመቶ ይሁን። የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ ሪያሉ በዶላር ሲታይ አይዋዥቅም፤ የሚለዋወጠው የብሩ ወገን ነው። ባንኮች ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ተመኑን በገበያ ስለሚወስኑ የዕለቱን ጠይቃችሁ ያዙ።

24 ወር ተሠርቶ 24 ደመወዝ እጅ ይገባል ብሎ ማቀድ አደገኛ ነው። የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ይዘገያል፤ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ የክርክር ናቸው። በ21 ደመወዝ እናስላ፤ 21,000 ሪያል ይሆናል። ለስልክ ካርድ፣ ለንጽሕና ዕቃ፣ ለልብስና ለመድኃኒት በወር 150 ሪያል ብትይዝ በ24 ወር 3,600 ነው። በየወሩ ስትልክ 20 ሪያል ብትከፍል 420 ይወጣል። የሚቀረው 16,980 ሪያል ወይም 594,300 ብር ነው።

ዕዳው ደግሞ አለ። ከደመወዙ መዘግየት የተነሣ ብድሩ ተከፍሎ የሚያልቀው በአምስተኛው ወር ነው ብንል ወለዱ 17,500 ደርሶ ጠቅላላው 87,500 ይሆናል። እስከዚያ ድረስ እጇ የሚገባው አራት ደመወዝ ብቻ ስለሆነ የግል ወጪዋና የመላኪያው ተነሥቶ ከዕዳው የሚተርፈው 23,450 ብር ገደማ ነው። በእነዚህ ወራት ቤተሰቡ ከወትሮው የተሻለ አይኖርም። «ልጄ ዓረብ አገር ናት» እየተባለ ቤቱ የሚቸገርበት ጊዜ ይኸው ነው፤ ቀድሞ ካልተነገራቸው «ገንዘቡን የት ታደርገዋለች?» የሚል ጥርጣሬ ይገባቸዋል።

ዕዳው ሲነሣ 506,800 ብር ይቀራል። ለቤተሰቡ ቀለብና ወጪ በወር 6,000 ብር ቢላክ በሁለት ዓመት 144,000 ነው። ትታቸው የምትሄዳቸውን ልጆች ለሚይዝ ሰው በወር 3,000 ብር ቢከፈል 72,000 ነው። አያት ብትይዛቸውም ወጪው አይቀርም፤ በአያቲቱ ድካም ይተካል እንጂ። አሁን 290,800 ብር ላይ ደርሰናል። እዚሁ እየሠራች በወር 2,000 ብር ለቤቱ ትጨምር ከነበረ፣ በመሄዷ የሚታጣው 48,000 ብር ደግሞ ይቀነሳል። የሁለት ዓመቱ እውነተኛ ትርፍ 242,800 ብር፣ በወር ሲካፈል ወደ 10,100 ብር ነው። በመጀመሪያ የተነገራት 35,000 ብር ነበር።

10,100 ብር ትንሽ ነው ማለታችን አይደለም። ቤተሰቡ በየወሩ 6,000 እየበላ በላዩ የሚጠራቀም ነው፤ ለብዙ ቤት እዚህ የማይገኝ ገንዘብ ነው። ነገር ግን በ35,000 ታቅዶ በ10,100 የሚፈጸም ቤት በመሠረቱ ላይ ይቆማል። ግድግዳ ላይ የቀረ ቤት ለማስጨረስ ሁለተኛ ውል የሚፈርሙ ሴቶች በየሠፈሩ ያሉት ለዚህ ነው።

ውሉ መሐል ላይ ቢቋረጥስ?

ከላይ ያለው ሁሉም ነገር በደኅና ሲሄድ ነው። ለውሳኔ የበለጠ የሚጠቅመው ግን የተቋረጠው ጉዞ ሂሳብ ነው፤ ቤት የሚያፈርሰውም እሱ ነው።

በስምንተኛው ወር ተመለሰች እንበል፤ ከስምንቱ የስድስት ወር ደመወዝ ተቀብላለች። 6,000 ሪያል ላይ የግል ወጪዋ 1,200 እና የመላኪያው 120 ሲነሣ 4,680 ሪያል፣ በብር 163,800 ነው። ለዕዳው 87,500፣ ለቤተሰቡ 48,000፣ ለልጅ ጠባቂ 24,000 ሲቀነስ የሚተርፈው 4,300 ብር ነው። ስምንት ወር ደክማ ያለ ዕዳም ያለ ጥሪትም ገባች ማለት ነው። በዚህ ምሳሌ የመሻገሪያዋ ወር ስምንተኛው ነው።

በሦስተኛው ወር ከተመለሰችና አንድ ደመወዝ ብቻ ከተቀበለች ግን የግል ወጪዋና የመላኪያው ተነሥቶ የሚቀራት 530 ሪያል ወይም 18,550 ብር ሲሆን ዕዳው 80,500 ደርሷል። የልጅ ጠባቂው 9,000 ሲጨመር ጉድለቱ 70,950 ብር ነው፤ ቤተሰቡም ምንም አልተላከለትም። በሬው ተሽጧል፣ መሬቱ ተይዟል።

ያችው ሴት ሕጉ በወሰነው መንገድ ሄዳ፣ ከራሷ ቁጠባ 15,000 ብር ብቻ አውጥታ ቢሆን ኖሮስ? በሦስተኛው ወር ስትመለስ ጉድለቷ 5,450 ብር ይሆናል። ደመወዙም አሠሪውም ያው ሆኖ ልዩነቱን ያመጣው የመነሻው ገንዘብ ምንጭ ነው። ስለዚህ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ከማለት በፊት «ሳልበደር መሄድ እችላለሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። መልሱ «አልችልም» ከሆነ ስድስት ወር ቆይቶ፣ እቁብ ገብቶ፣ የሰነዱን ወጪ አጠራቅሞ መነሣት በአራጣ ዛሬ ከመሄድ ይሻላል። መዘግየቱ ኪሳራ ይመስላል፤ በቁጥር ሲታይ ግን ትርፍ ነው።

ዕዳ የሚያስፈራው በሂሳቡ ብቻም አይደለም። ዕዳ ያለባት ሠራተኛ ደመወዝ ሲከለከልባት፣ ስትመታ፣ ዕረፍት ስትነፈግ «በቃኝ፣ መልሱኝ» ለማለት አትችልም፤ የምትመለሰው ወደ አበዳሪው ነውና። አሠሪውና መክተቡም፣ ማለትም የዚያ አገር ሠራተኛ አስመጪ ቢሮው፣ ይህን ያውቁታል።

ለምን ይቋረጣል?

ምክንያቶቹ በአብዛኛው የታወቁ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከመነሣት በፊት ሊጠበቁ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ጤና ነው። እዚህ የተመረመረች ሠራተኛ እዚያ ስትደርስ እንደገና ትመረመራለች። የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስ ወይም እርግዝና ከተገኘ የመኖሪያ ፈቃድ አታገኝም፤ ትመለሳለች። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት በአቅራቢያ ባለ ጤና ተቋም በግል መመርመር ርካሽ መድን ነው። የምርመራ ውጤት በገንዘብ «የሚያስተካክል» ሰው የሚሸጠው የመመለሻ ትኬት ነው።

ሁለተኛው የሙከራ ጊዜው ነው። በሳዑዲ የመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት አሠሪው «አልፈልጋትም» ብሎ ለመክተቡ የሚመልስበት ወቅት ነው። ቋንቋ አለመግባባት፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ አለማወቅና ሕፃን አያያዝ በጣም የሚነሡት ቅሬታዎች ናቸው። የሙያ ሥልጠናው ለወረቀት ሲባል ብቻ ተሠርቶ ከሆነ ዋጋው የሚከፈለው በእነዚህ 90 ቀናት ነው። ሁለትና ሦስት መቶ የቤት ውስጥ ዓረብኛ ቃላት፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ማጽጃ ኬሚካሎች አጠቃቀም፣ በተለይም በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አለመቀላቀል፣ እነዚህ በደንብ ከተያዙ ብዙ ነገር ይድናል።

ሦስተኛው የከፊል፣ ማለትም የስፖንሰር አሠሪ፣ ሥርዓት የሚባለው ነው። የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ኢቃማዋ፣ ከአሠሪዋ ጋር የተያያዘ ነው። አሠሪው እሷን ለማስመጣት ለመክተቡ ብዙ ገንዘብ ቀድሞ ከፍሏል፤ እንዳትሄድበት ስለሚፈራ ፓስፖርቷን ይይዛል፣ ከቤት አያስወጣትም። ፓስፖርት መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ክልከላው ግን ከተዘጋ በር በስተጀርባ አይታይም። ከቤቱ ከጠፋች ደግሞ ሁሩብ ያስደርጋታል፣ ማለትም ጠፍታለች ብሎ ያስመዘግባታል፤ ኢቃማዋ ዋጋ ያጣል፣ ብትያዝ ትታሰራለች፣ ያልተከፈላትን ደመወዝ ለመጠየቅም አቅሟ ይዳከማል። ውጭ ወጥቶ በየቤቱ መሥራት የተሻለ ገንዘብ ያስገኛል የሚባለው በጊዜው እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሕክምና፣ የሥራ መልቀቂያ ክፍያና የመመለሻ ቲኬት አብረው ይቀራሉ፤ ሁሉም ነገር በአንድ የፍተሻ ቀን ያበቃል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ የተመለሱት እንዲህ ነው፤ ብዙዎቹ የለበሱትን ብቻ ይዘው።

አራተኛው አገሩ ራሱ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሊባኖስ ውስጥ የአገሩ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች በዶላር የተዋዋሉትን ደመወዝ በሊራ መክፈል ጀመሩ፤ ከዚያም መክፈል አቆሙ። ሴቶች ሻንጣቸውን ይዘው በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ተጣሉ። ይህን ማንም ሠራተኛ መቆጣጠር አይችልም፤ ሆኖም ደመወዝን ለአሠሪ «አስቀምጥልኝ» ብሎ አለመተው በእጅ ያለ ጥንቃቄ ነው። በየወሩ ያልተቀበሉት ደመወዝ ብድር ነው፤ ተበዳሪው ደግሞ አሠሪው።

ውሉን ማንበብ

ኤጀንሲው በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው፣ መድረሻውም ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት የፈረመችበት አገር መሆን አለበት። ሕጋዊው መንገድ ይረዝማል፤ ጥቅሙ ግን አንድ ትልቅ ነገር ላይ ነው። በአዋጁ መሠረት ኤጀንሲው ከውጭው አሠሪ ጋር በአንድነትና በተናጠል ኃላፊ ነው፤ ለዚህም በዝግ ሂሳብ የተቀመጠ ዋስትና አለ። ማለትም ሪያድ ያለው ሰው ባይከፍል አዲስ አበባ ላይ የሚከሰስ አለ። በደላላ፣ በጉብኝት ቪዛ ወይም በዑምራ ቪዛ የሄደች ሠራተኛ የምትከሰው የላትም። «ፍሪ ቪዛ» የሚባለውም ነጻ አይደለም፤ ስሙን ያዋሰው ከፊል በየዓመቱ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ካልተከፈለው ሁሩብ ያደርጋል።

በጂቡቲ ኦቦክ ወይም በቦሳሶ ተሻግሮ በየመን የሚኬደውን መንገድ በዚህ ሂሳብ ውስጥ አላስገባነውም። እዚያ የሚታገቱ ሰዎች ቤተሰብ የሚጠየቀው የማስለቀቂያ ገንዘብ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ያልታወቀ ወጪ ደግሞ አይሰላም።

ውሉ ላይ የሚከተለው በግልጽ መጻፍ አለበት፦ የአሠሪው ሙሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ፤ በቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ብዛት፤ የደመወዙ መጠንና የገንዘቡ ዓይነት፤ የሥራ ሰዓትና የሳምንት ዕረፍት፤ ምግብና መኝታ፤ ሕክምና፤ የመመለሻ ቲኬት። የቤተሰቡ ብዛት እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነው፤ ሦስት ሰው ባለበት ቤትና አሥራ ሁለት ሰው በሚኖርበት ቪላ መካከል ያለው ልዩነት ግን የእንቅልፍ ልዩነት ነው። ጥቂት መብቶችን በአገር በአገሩ ማወቅም ይጠቅማል። በኤምሬቶች በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚህም ቢያንስ 8ቱ ተከታታይ፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን እና በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ኳታር ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቤት ሠራተኞችም የሚሠራ 1,000 የኳታር ሪያል ዝቅተኛ ደመወዝ አላት። በሳዑዲ አራት ዓመት በአንድ አሠሪ ዘንድ የሠራች የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ክፍያ አላት፤ ውሎችም ሙሳነድ በሚባለው የመንግሥት ሥርዓት ይመዘገባሉ። ደመወዝ በእጅ ሳይሆን በባንክ ወይም በካርድ እንዲገባ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አለመከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ የሚገኘው ከዚያ ነው።

እዚያ ስትደርስ በዓረብኛ ብቻ የተጻፈ ሌላ ውል አስፈርመው ደመወዙን የሚቀንሱ አሉ። መከላከያው የመጀመሪያውን ውል ፎቶ አንሥቶ ለሁለት ሰው መላክና አንድ ቅጂ እዚህ ቤት ማስቀመጥ ነው። ሠራተኛዋ ድምፅዋ ሲጠፋ ቤተሰቡ ኤጀንሲው ቢሮ ሄዶ መጠየቅ የሚችለው የአሠሪውን ስምና የውሉን ቁጥር ከያዘ ብቻ ነው። ባዶ እጁን የሄደ አባት «የማን ልጅ? የትኛው ቤት?» ተብሎ ይመለሳል።

ገንዘቡ በማን ስም?

ይህ ክፍል ከሁሉ ያነሰ የሚታሰብበት ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የተሳካለት ጉዞ ባዶ የሚቀረውም እዚህ ነው።

ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም የባንክ ሂሳብ ትክፈት፤ ቁጥሩንም ይዛ ትሂድ። ከዚያ የምትልከውን ለሁለት ትከፍለዋለች፤ የወር ቀለቡ ለቤተሰቡ ሂሳብ፣ ቁጠባው ለራሷ ሂሳብ። ይህን ከመጀመሪያው ላኪነቷ መጀመር ይቀላል፤ ሁሉንም ለአባት ወይም ለባል ስትልክ ቆይታ ኋላ መክፈል ስትጀምር እንደ ክህደት ይታያል። የአገር ቤት ስልክ ቁጥሯ ከሞባይል ባንክ ጋር የተያያዘ ከሆነም ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ሲቀር ሊዘጋ እንደሚችል አውቃ ባንኩን ቀድማ ታማክር።

ባለትዳር ከሆነች የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይጠብቃታል። በአንቀጽ 62 መሠረት በጋብቻ ውስጥ ከሁለቱ ሥራ የተገኘ ገቢ የጋራ ነው፤ በአንቀጽ 63 ደግሞ ንብረቱ በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ የግሉ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸውና በየአካባቢው መጠየቅ ይገባል። ሆኖም ይህ ጥበቃ የሚሠራው ለባልና ሚስት ነው። ላጤ ሆና በላከችው ገንዘብ ቤቱ በአባቷ ወይም በወንድሟ ስም ከተሠራ ባለቤቱ ስሙ የተጻፈው ነው። አባት ሲሞቱ ቤቱ ወራሾች ሁሉ የሚካፈሉት ውርስ ይሆናል፤ እሷም ራሷ ከሠራችው ቤት እንደ አንዱ ልጅ ድርሻዋን ትጠብቃለች። ወንድምየው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሚስት ያገባል፣ ይበደራል፣ ይሞታል፤ ያኔ የሚናገረው ካርታው ነው።

ቦታ መግዛት ወይም ቤት ማሠራት ከፈለገች መንገዱ ውክልና ነው። እዚህ እያለች በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ቢሮ፣ እዚያ ሆና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይሰጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 መሠረት በጥቅሉ የተሰጠ ውክልና የማስተዳደር ሥራን ብቻ ይፈቅዳል፤ ለመሸጥ፣ በመያዣ ለመስጠትና ለመሳሰሉት በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ «ሁሉንም ጻፉበት፣ በኋላ እንዳያስቸግር» የሚለው ምክር ጎጂ ነው። «በስሜ እንዲገዛና እንዲያስመዘግብ» ተብሎ ይጻፍ፤ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያስይዝ፣ በስጦታ እንዲሰጥ» የሚለው ይቅር። ውክልና በማንኛውም ጊዜ ይሻራል፤ መሻሩን ግን ሰነዱ የተመዘገበበት ቢሮና ባንኩ ማወቅ አለባቸው።

ከቤተሰብ ጋር የሚደረግ ንግግር

ገንዘብን በጽሑፍ መነጋገር በእኛ ቤት ያሳፍራል። ቢሆንም ከመሄድ በፊት አንድ ማታ ተቀምጦ ሦስት ነገር መጻፍ ብዙ ቂም ያስቀራል፦ በወር የሚላከው ስንት ነው፣ ከስንተኛው ወር ጀምሮ ነው፣ ከቀለብ በላይ ለምን ይላካል ለምንስ አይላክም። ሕክምና ይላካል፤ ሠርግ፣ ተዝካርና የዘመድ ብድር አስቀድሞ ገደብ ይደረግባቸው። እቁቧ እዚህ ከቀጠለ ዋሷ ማን እንደሆነ፣ ዕጣው ሲወጣ ማን እንደሚቀበል፣ እድሯን ማን እንደሚከፍልላት ይወሰን።

ልጆች ካሏት ጉዳዩ ከገንዘብ ይሰፋል። ሕፃኑን ማን ይይዛል ብቻ ሳይሆን ሲታመም ማን ይወስናል፣ ትምህርት ቤት ማን ይፈርማል፣ የሚላከው የልጁ ገንዘብ በማን እጅ ነው የሚሉት መልስ ያሻቸዋል። ልጁን የሚይዘውና ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው የተለያዩ ሲሆኑ ልጁ ይጎዳል፤ አንድ ሰው ይሁን። ጡት የሚጠባ ሕፃን ትቶ መሄድን በቁጥር ማካካስ አይቻልም፤ እኛ «ቢያንስ ይህ ዕድሜ ይለፍ» የምንል ወገን ነን።

ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ አሠሪው «ጨምሬልሽ ቆዪ» ይላል። ያን ቀን የሚሠራው ሂሳብ ከመጀመሪያው ይለያል፤ ዕዳ የለም፣ ቋንቋ ታውቋል፣ ቤቱ ተለምዷል፤ ስለዚህ የሁለተኛው ዙር ትርፍ ከፍ ይላል። ነገር ግን ሳትፈርም በፊት የመጀመሪያውን ውል የቀሪ ደመወዝ ሂሳብ ትዝጋ፤ ያልተከፈላት ደመወዝ ወደ አዲሱ ውል ከተላለፈ አብሮ ይረሳል። ለጥቂት ሳምንታትም ቢሆን መጥታ የባንክ ሂሳቧን፣ ካርታውንና የውክልናውን ወረቀት በዓይኗ ታይ፤ ባንክ ያለው ብር ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሲሆን ዋጋ ከዚያ በላይ ከናረ እየቀለለ ነውና፣ ለተቀመጠው ገንዘብ ሥራ ፈልጋለት ትመለስ ወይም እዚሁ ትቅር።